አይኪው ምን ይለካል? ለኢትዮጵያ የተሰጠው «63»ስ ከየት መጣ?

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው ብቅ የሚል አንድ ካርታ አለ። አገሮች በቀለም ተለያይተዋል፤ በየአገሩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። «የሕዝቡ አማካይ አይኪው» ይላል። ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ረድፍ ናት። ከመጀመሪያው ዝርዝር ጀምሮ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 63 ነው። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየትም የተለመደ ነው። አንዱ ይናደዳል። አንዱ አንገቱን ይደፋል። ሌላው ደግሞ «ታዲያ የደኸየነው ለምን ይመስልሃል?» ብሎ ይቀበለዋል።

ሁለተኛ ወሬም አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ያኔ በታክሲውም በካፌውም «የዘንድሮ ልጅ ጭንቅላት የለውም» ተባለ።

ሁለቱ ወሬዎች ቀስ በቀስ ተደባልቀው አንድ ታሪክ ሆኑ። የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። ለመለየት አይኪው የሚባለውን ነገር ማን ለምን እንደጀመረው፣ ቁጥሩም እንዴት እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

## ከቃሉ እንጀምር

አማርኛ ለዚህ ነገር ብዙ ቃል አለው። ትምህርት ቶሎ የሚይዘውን ልጅ «ቀለም ይገባዋል» እንላለን። ብልህ ሌላ ነው፤ ነገር አመዛዝኖ የሚወስን ሰው ነው። ብልጥ ለጥቅሙ ፈጣን ነው። አስተዋይ ሌላው ያለፈውን ነገር ልብ ይላል። ቀለም የሚገባው ሁሉ ብልህ አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ በአስተዋይነቱ ደም የተቃባ ቤተሰብ ያስታርቃል። በዚህ የሚገረም የለም።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩትም በዚሁ ዙሪያ ነው። እነሱ «ኢንተለጀንስ» የሚሉትን እዚህ የማሰብ ችሎታ እንበለው። ማመዛዘንን፣ አዲስ ችግር መፍታትን፣ ከልምድ መማርን፣ ረቂቅ ሐሳብ መያዝን ያጠቃልላል። አይኪው ግን ችሎታው ራሱ አይደለም። ሰውዬው በአንድ ፈተና ላይ የሠራው፣ ሌሎች ሰዎች ከሠሩት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ይህ ልዩነት ሲረሳ ነው ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው።

## ቢኔ የቀረበለት ጥያቄ

ፈረንሳይ ትምህርትን ግዴታ ካደረገች በኋላ የሁሉም ቤት ልጅ ክፍል ገባ። አንዳንዱ መከታተል አቃተው። በ1904 የትምህርት ሚኒስቴሩ ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የሚለይ መንገድ እንዲፈለግ ኮሚሽን አቋቋመ። ሥራውን ከያዙት አንዱ አልፍሬድ ቢኔ ነበር። የመምህራን ግምት ብቻ አያስተማምንም ነበር። ረባሹንና ዓይን አፋሩን «አይገባውም» ብሎ መመደብ ቀላል ነውና።

ቢኔና ባልደረባው ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ 30 ሥራዎች አዘጋጁ። የመጀመሪያው የተለኮሰ ክብሪት በዓይን መከተል ነው። ቀጥሎ ቸኮሌትን ከእንጨት ቁራጭ መለየት ይመጣል። ሦስት ቁጥር ሰምቶ መድገም አለ። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በመሰላቸትና በማዘን መካከል ያለውን ልዩነት መናገር አለ። በ1908 ሥራዎቹን በዕድሜ ከፋፈሏቸው። አንድ ልጅ አብዛኛው የ8 ዓመት ልጅ የሚሠራውን ከሠራ «የአእምሮ ዕድሜው 8 ነው» ተባለ።

የቢኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህ ልጅ ምን ዓይነት እገዛ ይፈልጋል? የማሰብ ችሎታ ከልደት ጀምሮ ተለክቶ የተሰጠ፣ የማይጨምር ነገር ነው የሚሉትን በ1909 በጽሑፍ ተቃውሟቸዋል። ትኩረትንና ማመዛዘንን በልምምድ የሚያጠነክር ትምህርትም ሞክሯል። በ1911 ሞተ፤ መሣሪያው ግን ያለ እሱ ተጓዘ።

በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮ ዕድሜን በእውነተኛው ዕድሜ አካፈለ። አይኪው የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ «ኪው» የምትለዋ ፊደል የማካፈሉን ውጤት ታመለክታለች። በ1916 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሉዊስ ተርማን በ100 አባዛው። የ10 ዓመት ልጅ የ8 ዓመት ሥራ ከሠራ አይኪው 80 ሆነ። የእገዛ መሣሪያ የነበረው ነገር ሰው ላይ የሚለጠፍ ቁጥር የሆነው እንዲህ ነው።

## መሣሪያው አሜሪካ ሲገባ

በ1917 አሜሪካ ጦርነት ስትገባ ሮበርት ይርክስ የሚመራው ቡድን 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምል ወታደሮችን ፈተነ። ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፣ ለማይችሉት በሥዕል የተዘጋጀ «ቤታ» ቀረበ። ከአልፋ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ክሪስኮ ምንድን ነው? ምርጫው መድኃኒት፣ የጀርም ማጥፊያ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የምግብ ምርት። ክሪስኮ በጊዜው በአሜሪካ ጓዳ የታወቀ የሚረጋ የምግብ ዘይት ነበር። በቤታ ደግሞ መረብ የጎደለው የቴኒስ ሜዳ ሥዕል ይቀርባል፤ የጎደለውን ሙላ ይባላል። ከጣሊያን ገጠር ወይም ከሩሲያ የመጣ ሰው ቴኒስ የት ያየዋል?

የራሱ የፈተናው መረጃ አንድ ነገር አሳየ። አሜሪካ ብዙ ዓመት የኖሩ ስደተኞች ውጤታቸው ከአዲሶቹ ይበልጣል። ቀላሉ ትርጉም «ፈተናው የአሜሪካን ኑሮ ይለካል» ነው። ካርል ብሪገም የተባለው የሥነ ልቦና ሰው ግን በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ቀደም ብለው የመጡት የተሻለ ዘር ስለሆኑ ነው አለ። መረጃው አፍ አውጥቶ ሲናገር አልሰማም ማለት ይህ ነው። በ1924 አሜሪካ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓን ስደተኞች ቁጥር አጥብቃ የሚገድብ ሕግ አወጣች። ፈተናዎቹ ለሕጉ መውጣት ምን ያህል ድርሻ እንደነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። የጊዜውን ስሜት እንዳገዙ ግን ግልጽ ነው።

ብሪገም በ1930 መደምደሚያው መሠረት እንደሌለው በጽሑፍ አምኗል። በ1926 የጀመረውን የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የመራውም ይኸው ሰው ነው። የፈተናው ስም «ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ቴስት» ነበር። የኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል ተፈታኝ «አፕቲትዩድ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቀዋል። አፕቲትዩድ ማለት ገና ያልተማሩትን የመማር አቅም ነው ይባላል። ግን ያለፉ ዓመታትን ጥያቄዎች ሲሠራ የከረመ ልጅ ዓይነቱን ያውቀዋል፣ ሰዓቱንም ይቆጥባል። ንጹሕ «አቅም» የሚለካ ፈተና እስካሁን የሠራ የለም።

## ቁጥሩ እንዴት ይወጣል?

የማካፈሉ ዘዴ ለአዋቂ አይሠራም። የ40 ዓመት ሰው የ20 ዓመቱን ሰው እጥፍ አያስብም። ስለዚህ ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ባወጣው ፈተና ሌላ መንገድ ተከተለ። መጀመሪያ አንድ አገርን ይወክላሉ የተባሉ ብዙ ሰዎች በየዕድሜያቸው ይፈተናሉ። እነዚህ የማነጻጸሪያ ቡድን ይባላሉ። የእነሱ አማካይ ውጤት 100 ይባላል፤ የስርጭቱ መለኪያ ደግሞ 15 ይሆናል። 100 በምርምር የተገኘ ቁጥር አይደለም፤ በስምምነት የተሰጠ ነው። በዚህ ስሌት ከ100 ሰው 68ቱ ከ85 እስከ 115፣ 95ቱ ከ70 እስከ 130 ውስጥ ይወድቃሉ።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የክፍል ደረጃ ነው። «5ኛ ወጣ» ሲባል ልጁ ምን ያህል እንደሚያውቅ አይነግረንም፤ ከእነማን ጋር እንደተማረ ሳናውቅ ደግሞ ምንም አይነግረንም። ትምህርት ቤት ሲቀይር ደረጃው ይለወጣል። አይኪውም እንዲሁ ደረጃ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚሰጠው ጥሩ ፈተና እንኳ የጥቂት ነጥብ ስህተት ይጠበቃል፤ ስለዚህ ባለሙያው አንድ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ስልክ ላይ በ10 ደቂቃ ተሠርቶ «የምስክር ወረቀትዎን ለማግኘት ይክፈሉ» የሚለው ፈተና የማነጻጸሪያ ቡድኑ ማን እንደሆነ እንኳ አይናገርም። በየፖስተሩ የሚጻፈው የአይንስታይን አይኪውም ቢሆን፣ አይንስታይን እንዲህ ያለ ፈተና እንደወሰደ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

አሁን 63ን በዚህ ሚዛን እንየው። በማነጻጸሪያው ቡድን ውስጥ ከ63 በታች የሚያመጣው ከ1,000 ሰው 7 ያህሉ ነው። 70 አካባቢና ከዚያ በታች ባለሙያዎች የአእምሮ እድገት ውስንነት መኖሩን መመርመር የሚጀምሩበት ቦታ ነው። ያኔም ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውዬው የዕለት ኑሮውን መምራት መቻል አለመቻሉ ይታያል። እንግዲህ ካርታው የሚለው ግማሽ ኢትዮጵያዊ ከዚያም በታች ነው። አንዲት የሰፈር እቁብ ሰብሳቢ እናስብ። ማን ሁለት ዕጣ እንደገባ፣ ማን ያለፈውን ሳምንት እንዳልከፈለ፣ ማን ለማን ተራውን እንደለቀቀ በቃሏ ይዛለች። ሂሳቧም ይገጥማል። እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈሩ በሞላበት አገር መመርመር ያለበት መጀመሪያ መለኪያው ነው።

## አንድ ችሎታ ነው ወይስ ብዙ?

በ1904 እንግሊዛዊው ቻርለስ ስፒርማን የተማሪዎችን ውጤት ሲያመሳክር አንድ ነገር አስተዋለ። በአንዱ ትምህርት የሚበልጥ ልጅ በሌላውም የመብለጥ ዝንባሌ አለው። ዝምድናው ፍጹም አይደለም፤ ግን በየፈተናው ይደጋገማል። ከሁሉም ሥር አንድ «ጠቅላላ ችሎታ» አለ ብሎ ደመደመ። ሉዊስ ተርስቶን በ1938 አይደለም፣ ሰባት ያህል የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው አለ።

ሬይመንድ ካቴልና ጆን ሆርን ደግሞ ሁለት ለዩ። ፈሳሽ ያሉት ከዚህ በፊት ያላዩትን ችግር የመፍታት አቅም ነው። የረጋ ያሉት በትምህርትና በልምድ የተጠራቀመው ነው። ፈሳሹ ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ የረጋው እስከ እርጅና ሊያድግ ይችላል። በ1993 ጆን ካሮል ከ460 በላይ የመረጃ ስብስቦችን እንደገና አሰላ። ከላይ ጠቅላላው ችሎታ፣ ከሥሩ ሰፋፊዎቹ፣ ከሥራቸው ጠባቦቹ ሆነው ተደራርበው አገኛቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ታዋቂ ፈተናዎች የሚሠሩት በዚህ ዓይነት መዋቅር ላይ ነው።

መምህራን ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ግን የሃዋርድ ጋርድነር የ1983 ሐሳብ ነው። የቋንቋ፣ የሂሳብ፣ የሙዚቃ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የሰው አያያዝና ሌሎችም ራሳቸውን የቻሉ የማሰብ ችሎታዎች ናቸው ይላል። ለክፍል ጥሩ ሐሳብ ነው። መምህሩ አንድን ልጅ በአንድ መንገድ ብቻ እንዳይፈርጅ ያደርገዋል። እንደ ልኬት ግን ደካማ ነው። ችሎታዎቹ ራሳቸውን የቻሉ መሆናቸውን የሚያሳይ ጠንካራ የፈተና ማስረጃ አልቀረበም፤ ሲለኩም ብዙዎቹ እርስ በርስ ይዛመዳሉ።

ለእኛ አካባቢ የቀረበው የሮበርት ስተርንበርግና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በምዕራብ ኬንያ የሉዎ ልጆች ስለ ባህላዊ መድኃኒት ቅጠሎች ምን ያህል እንደሚያውቁ ለኩ። የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም፣ በምን ያህል መጠን። ልጆቹ ይህን በአማካይ በሳምንት አንዴ ያህል የሚጠቀሙበት ነው። ውጤቱ ከትምህርት ቤት የቃላት ፈተናዎች ጋር ሲነጻጸር ዝምድናው የተገላቢጦሽ ሆነ። ቅጠል አዋቂዎቹ በቀለም ፈተና ዝቅ አሉ። አጥኚዎቹ እንደገመቱት ቤተሰቡ ልጁን ለየትኛው ዓለም እንደሚያዘጋጀው ነው ልዩነቱ። በመጽሐፍ ጊዜውን ያሳለፈ ልጅ ቅጠሉን አያውቅም፣ በቅጠሉ ያደገውም መጽሐፉን።

## 63 ከየት መጣ?

በ2002 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሊንና ፊንላንዳዊው ታቱ ቫንሃነን የአገሮችን አይኪው ከሀብታቸው ጋር የሚያያይዝ መጽሐፍ አወጡ። 185 አገሮች ቁጥር ተሰጣቸው። መረጃ የነበራቸው ግን 81 ብቻ ናቸው። የቀሩት 104 ከጎረቤቶቻቸው ተገመቱ። መረጃ ያላቸውም ቢሆኑ ጉድ ነበረባቸው። ለኢኳቶሪያል ጊኒ የተሰጠው ቁጥር እስፔን ውስጥ የእድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በተዘጋጀ ተቋም ከተገኙ ልጆች የተወሰደ ነበር።

የኢትዮጵያው ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ አልመጣም። የመጣው ከእስራኤል ነው። በ1991 የታተመ አንድ ጥናት ወደ እስራኤል የገቡ 250 የቤተ እስራኤል ታዳጊዎችን «ሬቨን» በሚባለው የሥዕል ፈተና ከእስራኤል ተወላጅ ልጆች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ዓላማው ልጆቹ ምን ዓይነት ስህተት እንደሚሠሩ ማየት ነበር። የተገኘውም የስህተታቸው ዓይነት በዕድሜ ከሚያንሱ እስራኤላውያን ልጆች ጋር እንደሚመሳሰል ነው። በዚያ ዘመን የገቡት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ነበሩ። ብዙዎቹ በእግር ተጉዘው በሱዳን መጠለያዎች አልፈዋል፤ እዚያም ዘመድ ቀብረዋል። ትምህርት ቤት የረገጡት ጥቂት ነበሩ። የእነዚህ ልጆች ውጤት ነው በወቅቱ ከ60 ሚሊዮን በላይ ለሆነ፣ ከ80 በላይ ቋንቋ ለሚናገር ሕዝብ የተሰጠው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ቁጥሩ አንዴ ወረቀት ላይ ሰፈረና ከመጽሐፍ ወደ ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዥ ወደ ካርታ ተዛወረ። በ2010 ጄልት ዊከርትስና ባልደረቦቹ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችን መረጃ እንደገና መርምረው የእነ ሊን አመራረጥ ወጥነት እንደሌለውና ከፍ ያለ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች እንደተተዉ አሳዩ። በ2020 የአውሮፓ የሰው ባህርይና ዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች ማኅበር መረጃው ለምርምር እንዳይውል መክሯል።

የሚከላከሉትም አሉ። «የአገሮቹ ቁጥር ከዓለም አቀፍ የትምህርት ምዘና ውጤቶች ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ አንድ እውነት ይዟል» ይላሉ። መግጠሙ እውነት ነው። ግን ሁለቱም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚለመደውን ነገር ስለሚለኩ መግጠማቸው የሚጠበቅ ነው። ስለ ሕዝቡ አእምሮ የሚያስረዱት ከዚያ አያልፍም።

በዚያው እስራኤል የተሠራ ሌላ ሥራ ግን ካርታ ላይ አልወጣም። ሩቨን ፎይርስታይን የተባለው የሥነ ልቦና ሰው ፈተናን በሦስት ደረጃ መስጠት ያስተምር ነበር። መጀመሪያ ይፈተናል። ከዚያ ፈታኙ ልጁን እንዴት እንደሚያይ፣ እንዴት እንደሚያነጻጽር ያስተምረዋል። ከዚያ እንደገና ይፈተናል። የሚለካው ልጁ ዛሬ ያለበት ቦታ ሳይሆን ትንሽ ሲታገዝ የሚራመደው ርቀት ነው። ይህን መንገድ የተከተለው ዴቪድ ጹሪኤልና ባልደረባው በ1990ዎቹ መጨረሻ የአንደኛ ክፍል ኢትዮጵያውያን ስደተኛ ልጆችን መረመሩ። በተለመደው ፈተና ከእስራኤል ተወላጆቹ ዝቅ ብለው ነበር። ከአጭር ትምህርት በኋላ ልዩነቱ ጠበበ። ልጆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ከቢኔ ጥያቄ ጋር የሚቀራረበውም ይህኛው ነው።

## ፈተናው ሳይጽፍ የሚጠይቀው

የሬቨን ዓይነት ጥያቄ ቃል የለውም። ዘጠኝ ሳጥን አለ፤ ሦስት በሦስት። በስምንቱ ውስጥ ቅርጾች አሉ። ወደ ቀኝ ሲኬድ ቅርጹ ይዞራል፤ ወደ ታች ሲወረድ መስመር ይጨምራል። ዘጠነኛው ባዶ ነው። ከታች ካሉት ምርጫዎች የሚስማማውን መምረጥ ነው። ቋንቋ ስለሌለው «ለሁሉም ባህል እኩል ነው» ተብሎ ብዙ ተነግሯል።

ግን ልብ ብለን እንየው። ገጹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደሚነበብ ማወቅ ይጠይቃል። ሥዕል የሆነ ነገር ወካይ መሆኑን፣ ሠንጠረዥ ሕግ እንዳለው መልመድ ይጠይቃል። ጠያቂው መልሱን እያወቀ የሚጠይቅበትን እንግዳ ሁኔታ መቀበል ይጠይቃል። ዝም ብሎ ብቻን መሥራት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያስለምደው ትምህርት ቤት ነው። ቤት ውስጥ የሚደረገው የእንቆቅልህ ጨዋታ ሌላ ሥርዓት አለው። መልሱ የጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሳቅ አለ፤ ወገን አለ።

ላይቤሪያ ውስጥ በክፔሌ ገበሬዎች የታየው ነገር ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የምግብ፣ የዕቃ፣ የልብስና የመሣሪያ ዓይነቶች ተደበላልቀው ቀረቡላቸውና አብረው የሚሄዱትን መድቡ ተባሉ። ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አደረጉት፤ ይቆርጠዋልና። ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። አጥኚው ቢቸግረው «ሞኝ ሰው ቢሆንስ እንዴት ይመድበዋል?» አለ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ለይተው ደረደሩት። ፈተናው የሚፈልገው መልስ ይህ ነበር። ይችሉታል፤ ግን የሞኝ ሥራ መሰላቸው።

ቁጥር ሰምቶ መድገምም ንጹሕ የሚመስል ፈተና ነው። የዌልስ ቋንቋ ቁጥሮች ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለመጥራት ጊዜ ይወስዳሉ። በ1980 የታተመ ጥናት የዌልስ ልጆች በዚህ ክፍል ዝቅ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን አሳየ። ጭንቅላት ውስጥ እየደጋገምን የምንይዘው ድምፁን ነውና ቃሉ ሲረዝም የሚያዘው ቁጥር ያንሳል። «ዋን፣ ቱ፣ ፎር፣ ፋይቭ» እና «አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት» የሚሉትን ጮክ ብሎ መጥራት ልዩነቱን ይነግራል። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተተረጎመ ፈተና ይህን ካላሰበ የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

## ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም

ጄምስ ፍሊን በ1980ዎቹ የብዙ አገሮችን የቆየ ውጤት ሰብስቦ አስተያየ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አማካዩ በየ10 ዓመቱ በ3 ነጥብ ገደማ ሲያድግ ኖሯል። የሰው ዘር ውርስ በሁለት ትውልድ አይለወጥም። የተለወጠው ትምህርት፣ ምግብ፣ ጤና፣ የቤተሰብ ብዛትና የሥራ ዓይነት ነው። በኬንያ ኤምቡ ገጠር በ1984 እና በ1998 የተፈተኑ ልጆች ሲነጻጸሩ የኋለኞቹ በብዙ በልጠዋል፤ በመካከሉ የወላጆች ማንበብና መጻፍ፣ የልጆቹም አመጋገብ ተሻሽሎ ነበር። በኖርዌይ ደግሞ በቅርብ አሥርት ዓመታት ውጤቱ ወርዷል፤ መውረዱ በወንድማማቾች መካከልም መታየቱን በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ምክንያቱ አካባቢ ነው።

ትምህርት ራሱ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል። በ2018 የታተመ፣ ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንታኔ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንደሚጨምር አግኝቷል።

አዮዲንም አለ፤ በእኛ አገር ብዙ ሊወራለት የሚገባ ነገር ነው። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ሲጎድላት የጽንሱ አንጎል እድገት ይጎዳል። በየገጠሩ የሚታየው እንቅርት የዚሁ ጉድለት የውጭ ምልክት ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ በኋላ አዮዲን ያለበት ጨው ከገበያ ጠፍቶ ነበር። አገሪቱ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው በ2011 ነው። በእነዚያ ዓመታት የተረገዙ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ጉድለቱ ግን በማንኪያ ጨው አስቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል ነገር ነው።

«ግን በውርስ ነው ይባላል» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በከፊል እውነት ነው። የመንትዮች ጥናቶች በአንድ ሕዝብ ውስጥ ካለው ልዩነት ግማሽ ያህሉን ከውርስ ጋር ያያይዙታል፤ በአዋቂነት ድርሻው ይጨምራል። በአሜሪካ በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ በድሃ ቤተሰብ ልጆች የውርስ ድርሻ በጣም አንሶ፣ የአካባቢ ድርሻ ገኖ አገኘ። በምዕራብ አውሮፓ እንዲህ ጎልቶ አልታየም። ከዚህ ላይ ግን ስለ ሁለት ሕዝቦች መናገር አይቻልም። የሥነ ዘር ሊቁ ሪቻርድ ሌዎንቲን በእህል ዘር ምሳሌ አስረድቶታል። ከአንድ ጆንያ የተዘገነ እህል ግማሹ በለም መሬት፣ ግማሹ በጭንጫ ይዘራ። በየማሳው ውስጥ ያለው የቁመት ልዩነት የዘሩ ነው። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ግን ሙሉ በሙሉ የመሬቱ ነው። ይህን የሚረዳው ገበሬ ብዙ ነው።

## ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

ፈተናውን ጠቅልሎ መጣል ሌላ ስህተት ነው። በተሠራበት ሕዝብና ቋንቋ ውስጥ አይኪው የትምህርት ውጤትን በመጠኑ ይተነብያል። ማንበብ ያቃተው ልጅ ችግሩ ጠቅላላ ይሁን በፊደልና በድምፅ ብቻ ለመለየት ይረዳል። ከአደጋ ወይም ከስትሮክ በኋላ የትኛው ችሎታ እንደተጎዳ ያሳያል። ሰነፍ ሲባል የኖረ ልጅ ብሩህ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

የ12ኛ ክፍሉ 3.3 በመቶም የሚናገረው አለው፤ ግን የማሰብ ችሎታን አይደለም። ያ የተማሩትን የሚለካ ፈተና ነው። ትምህርቱ በትክክል ደርሷቸዋል ወይ፣ መምህርና መጽሐፍ ነበር ወይ፣ የፈተናው ቋንቋ ይገባቸዋል ወይ፣ ከዚህ በፊት ውጤቱ በኩረጃ ተነፍቶ ነበር ወይ የሚሉትን ያስነሳል። መልሱ ያለው በክፍል ውስጥ ነው።

ነገሩ ከወሬ አልፎ ኑሮ የሚሆነው ውጭ አገር ላሉ ወላጆች ነው። በካሊፎርኒያ በ1979 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥቁር ልጆችን በአይኪው ፈተና ወደ ልዩ ክፍል መመደብን አግዷል፤ ከቁጥራቸው ድርሻ በላይ ይላኩ ነበርና። በእስራኤልም የኢትዮጵያውያን ልጆች እንዲሁ ከድርሻቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት ይላካሉ የሚል አቤቱታ ለዓመታት ተሰምቷል። የአሜሪካ የልዩ ትምህርት ሕግ አንድ ልጅ ሲመረመር ትክክለኛ መረጃ በሚያስገኘው ቋንቋና መንገድ እንዲሆን፣ ውሳኔውም በአንድ ፈተና ብቻ እንዳይመሠረት ያዛል። ወላጅ መጠየቅ መብቱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ስለ ልጁ በሚጠራው ስብሰባ ላይ የፈተናው ውጤት ሲቀርብ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ረጅም አይደሉም። ልጄ የተፈተነው በየትኛው ቋንቋ ነው? እዚህ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው፣ ይህ ታስቧል ወይ? የተነጻጸረው ከእነማን ጋር ነው? ከቁጥሩ ሌላ ምን ታይቷል፤ ቤት ውስጥ የሚሠራውን የጠየቀ አለ ወይ? ከዚህ ክፍል ከገባስ ምን ይማራል፣ መቼስ እንደገና ይታያል?